ስማችን ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ለምን ቁጥር ይሆናል? (የአንዲት ትንሽ ትዕዛዝ ታሪክ)

  የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና እየተፈላ ከሆነ አቦል ላይ ጀምራችሁ በረካ ላይ ትጨርሱታላችሁ።

እንደምታውቁት አይሲቲ ነው የማስተምረው፣ ልቤ ያለው ግን ታሪክ ላይ ነው። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። በየቀኑ በእጃችን ስለምንነካው መሣሪያ ታሪክ የሚጽፍ ግን ብዙ አላይም። መሣሪያ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። አንዱ ይሠራዋል፣ ሌላው አልተመቸኝም ብሎ አፍርሶ ይሠራዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ብሎ እንደገና ይጀምረዋል። እኛ ጋ የሚደርሰው ክርክሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ከመጀመሪያውም እንዲሁ የነበረ ይመስለናል።

ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ኮምፒውተር ሳይንስ የያዛችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ፋይሌን በአማርኛ ሰይሜ ጊት ውስጥ ሳስገባው ዝርዝሩ ላይ ስሙ ለምን ቁጥር ሆኖ ይመጣል?» የምትሉት። እውነት ነው። አንድ ፋይል «ዲምቱ» ብላችሁ ሰይሙና ጊትን ውስጥህ ምን አለ ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ይሄ ነው፦

"\341\213\262\341\210\235\341\211\261"

ሦስት ፊደል ሰጠነው፣ ዘጠኝ ቁጥር መለሰልን። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፣ ከታች እነግራችኋለሁ። ግን ለምን እንዲህ እንደሆነ ሳታውቁ መፍትሔውን ብቻ ብትወስዱ አንድ ትልቅ ነገር ያመልጣችኋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንነሳ።

፩. ዛፉ

ጊት የማታውቁ ወዳጆቼም እንድትከተሉኝ ትንሽ ላብራራ። ጊት ማለት የሥራን ታሪክ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። ፕሮግራመሮች ኮድ ሲጽፉ ዛሬ የጻፉትን ነገ ይቀይሩታል። ጊት እያንዳንዱን ለውጥ፣ ማን እንደለወጠው፣ መቼ እንደለወጠውና ከለውጡ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ይመዘግባል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሥራው እንዴት ነበር ብላችሁ ብትጠይቁት ያንኑ አውጥቶ ያሳያችኋል። ጥሩ መዝገብ ቤት በሉት።

መዝገቡን የሚያስቀምጠው በዛፍ መልክ ነው። ይሄን ለማስረዳት ከራሳችን አካባቢ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ክልል ዞኖች አሉት፣ ዞን ወረዳዎች አሉት፣ ወረዳ ቀበሌዎች አሉት። ጊት ውስጥም እንዲሁ ነው። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ እሱም ውስጥ ፋይል። ጊት ለእያንዳንዱ ፎልደር አንድ ገጽ ዝርዝር ይይዛል። ገጹ ላይ የእያንዳንዱ ነገር ዓይነት (ፋይል ነው ወይስ ሌላ ፎልደር)፣ 40 ቁምፊ ያለው መታወቂያና ስም ይጻፋል።

መታወቂያው የሚገርም ባሕርይ አለው። ከራሱ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ ስለሆነ ይዘቱ ካልተነካ መታወቂያውም አይነካም። እስቲ ወላይታን አስቡ። እስከ 1993 ዓ.ም. በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበረች፣ ከዚያ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ ከቀድሞው የደቡብ ክልል ወጥታ በአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ገባች። ጊት ውስጥ አንድን ፎልደር ካለበት አንሥታችሁ ሌላ ቦታ ብታስቀምጡት፣ ውስጡን እስካልነካችሁ ድረስ የፎልደሩ መታወቂያ ያው ነው። የሚለወጠው የወላጁ መታወቂያ ነው። ልጁ ልጅነቱን አይለቅም።

እንግዲህ አንድ ገጽ ከፍታችሁ እዚህ ውስጥ ማን ማን አለ ብላችሁ የምትጠይቁበት ትዕዛዝ «ኤልኤስ-ትሪ» ይባላል። «ኤልኤስ» ዘርዝር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምሕፃር ነው፣ «ትሪ» ደግሞ ዛፍ። የዛሬው ታሪካችን የዚህች ትዕዛዝ ታሪክ ነው። ሥራዋ ስም መጥራት ብቻ ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል፣ አይደል? በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ነው የተሠራችው።

፪. መጋቢት 1997

ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉት። 1997። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ የምርጫ ክርክር የሚከታተልበት ወቅት ነበር። በዚያው ሰሞን በሌላው የዓለም ጥግ ሌላ ግርግር ነበር።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስና ባልደረቦቹ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራቸውን የሚይዙት ቢትኪፐር በሚባል ሶፍትዌር ነበር። ሶፍትዌሩ ያኔ የንግድ ነበር፣ ለእነሱ ግን በነፃ ተፈቅዶላቸው ነበር። አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ ፕሮግራመር ከቢትኪፐር ጋር የሚነጋገር የራሱን ነፃ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። የቢትኪፐር ባለቤት ላሪ ማክቮይ ተቆጣና ነፃ ፈቃዱን አነሣ። ትሪጅል በኋላ በአንድ ጉባኤ ላይ ምስጢሩን እንዴት እንዳገኘ በሰው ፊት አሳየ። ከሰርቨሩ ጋር ተገናኘና «ሄልፕ» ብሎ ጻፈ። ሰርቨሩ ያሉትን ትዕዛዞች አንድ በአንድ ዘረዘረለት። በቃ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በአንድ ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል።

ቶርቫልድስ መሣሪያ አጣ። መጋቢት 25 ቀን 1997 (አፕሪል 3፣ 2005) የራሱን መጻፍ ጀመረ። መጋቢት 29 ላይ ጊት የራሱን የጊትን ኮድ መዝግቦ መያዝ ቻለ። አራት ቀን! ሚያዝያ 8 ላይ ደግሞ የሊኑክስ ከርነል ሙሉ ኮድ ገባበት፤ 17,291 ፋይሎች፣ ከ6.7 ሚሊዮን በላይ መስመር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጊት ዛፍ በእውነቱ ዛፍ አልነበረም። ሁሉም ፋይል ከነሙሉ አድራሻው በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ ነበር የሚጻፈው። የአገሪቱን ቀበሌ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ «ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ» እያሉ እንደመጻፍ ነው። አንዲት ቀበሌ ስትለወጥ ወረቀቱን በሙሉ እንደገና መገልበጥ ሊኖርባችሁ ነው። 17 ሺህ ፋይል ላለው ሥራ ይሄ አያዋጣም። ስለዚህ በቀናት ውስጥ ተቀየረና እያንዳንዱ ፎልደር የራሱን ገጽ አገኘ።

አሁን አዲስ ጥያቄ መጣ። ረጅሙ ወረቀት በነበረ ጊዜ «ምን አለ?» ሲባል ወረቀቱን ማንበብ ነበር። ዛፍ ሲሆን ግን «ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ትርጉም አለው። የላይኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ልንገርህ ወይስ እስከ ቅጠሉ ልውረድ? ዞኖቹን ብቻ ልጥራ ወይስ እስከ ቀበሌ ልዘርዝር? «ኤልኤስ-ትሪ» የተወለደችው ለዚህ ጥያቄ ነው።

፫. ሦስት ሠሪዎች

የመጀመሪያዋን «ኤልኤስ-ትሪ» የጻፈው ፔትር ባውዲስ የተባለ ቼካዊ ፕሮግራመር ነው። ያኔ ጊት ለባለሙያ እንኳ አስቸጋሪ ስለነበር ባውዲስ በላዩ ላይ ለሰው የሚመች ሽፋን እየሠራ ነበር። የእሱ ትዕዛዝ ቀጥተኛ ነበረች። የዛፉን መታወቂያ ትሰጧታላችሁ፣ ገጹን እንዳለ ታነብላችኋለች። እስከ ታች እንድትወርድ ከፈለጋችሁ ያንን ለይታችሁ ትነግሯታላችሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «የትኛውን ዶሴ?» ብሎ አውጥቶ እንደሚያሳያችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጁኒዮ ሃማኖ ነው፣ ጃፓናዊ ፕሮግራመር። በግንቦት 1997፣ ትዕዛዟ በተወለደች በሳምንታት ውስጥ ከመሠረቷ አፍርሶ ጻፋት። ምክንያቱ የሰው ልማድ ነበር። ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ «ኤልኤስ» የምትባል ትዕዛዝ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለች። የሁሉም ፕሮግራመር ጣት ለምዷታል። የአንድ ፎልደር ስም ከሰጣችኋት ውስጡን ትዘረዝራለች። ሃማኖ «ኤልኤስ-ትሪም» እንደ ታላቅ እህቷ ትሁን አለ። «ወላይታ» ብዬ ስጠይቅ ወረዳዎቹን ንገሪኝ። ሰው የሚጠብቀው እሱን ነው።

ሦስተኛው ራሱ ቶርቫልድስ ነው። በኅዳር 1998 እንደገና አፍርሶ ጻፋት። ሐሳቡ ከሃማኖ የተለየ ነበር። ስም የምትሰጡት ለማጣሪያ ነው፤ ከመዝገቡ ውስጥ ከዚህ ስም ጋር የሚገጥመውን አሳየኝ ማለታችሁ ነው፤ ሌሎቹ የጊት ትዕዛዞችም የሚሠሩት እንዲሁ ስለሆነ እሷም ከእነሱ ጋር ትስማማ፤ ይሄ ነው። በዚህ አሠራር «ወላይታ» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት የወላይታን የራሷን መስመር ነው። ዓይነቷ ፎልደር፣ መታወቂያዋ ይሄ፣ ስሟ ወላይታ። ውስጧን ለማየት ከስሙ መጨረሻ ላይ እዝባር መጨመር አለባችሁ። ዛሬም የምትሠራው እንዲሁ ነው።

ማን ነው ልክ? ሁለቱም። ሃማኖ የእንግዳን ጥያቄ ነው የመለሰው። እንግዳ «እዚህ ቤት ማን አለ?» ሲል የቤተሰቡን ስም መስማት ይፈልጋል። ቶርቫልድስ የመዝጋቢን ጥያቄ ነው የመለሰው። መዝጋቢ «እዚህ ቤት» ሲል ቤቱ ራሱ በመዝገብ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ማወቅ ይፈልጋል። አንድ ቃል፣ ሁለት ጥያቄ።

የሚገርመኝ የዚያ ክርክር ጠባሳ እስከ ዛሬ በመመሪያው ላይ መኖሩ ነው። የትዕዛዟን መመሪያ ስታነቡ በአንድ ነጥብ «ከኤልኤስ ጋር ትመሳሰላለች» ይላል፤ ስም ስትሰጧት ካላችሁበት ፎልደር ተነሥታ ነው የምትፈልገው። በሌላው ነጥብ «ከኤልኤስ ትለያለች» ይላል፤ ስሙ ማጣሪያ ብቻ ነው፣ በምን ቅደም ተከተል እንደጠየቃችኋትም ግድ የላትም። ተማሪ ይሄን ሲያነብ ግራ ይገባዋል። የታሪክ ሰው ሲያነበው ግን የሁለት ዘመን ግንብ በአንድ ግድግዳ ላይ እንዳየ ይደሰታል። በቀድሞው መመሪያ ግርጌም ሦስቱም ስሞች በየተራ ተጽፈው ነበር፤ ባውዲስ ጻፈው፣ ሃማኖ ከባዶ ጻፈው፣ ቶርቫልድስ ዳግም አፍርሶ ጻፈው። ከሦስቱ ማንም የማንንም ስም አልፋቀም። ይሄን ልብ በሉልኝ።

ሌላም ነገር ልጨምር። በሐምሌ 1997 ቶርቫልድስ የጊትን ኃላፊነት ለሃማኖ አስረክቦ ነበር። ስለዚህ በኅዳር ቶርቫልድስ የሃማኖን ትዕዛዝ አፍርሶ ሲጽፍ ኃላፊው ሃማኖ ነበር። የራሱን ሥራ የሚያፈርሰውን ሥራ አይቶ ተቀበለው። ስንቱ አለቃ ነው እንዲህ የሚያደርገው?

፬. ቁጥሩ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ደረስን። ቶርቫልድስ ትዕዛዟን እንደገና ሲጽፍ አንድ ነገር ጠፋ። ከዚያ በፊት «ለየት ያለ» ስም ሲያጋጥም በጥቅስ ውስጥ አስገብቶ በቁጥር የመጻፍ አሠራር ነበር። በአዲሱ ላይ ተረሳ። ሃማኖ በቀናት ውስጥ መለሰው። እንግዲህ ዛሬ ስማችንን ቁጥር የሚያደርገው ይሄ የተመለሰው አሠራር ነው።

ወዲያው «ፊደላችንን ንቀው ነው!» እንዳትሉ። ምክንያት ነበራቸው፣ ያውም ሁለት።

አንደኛው ይሄ ነው። ዝርዝር ማለት በአንድ መስመር አንድ ስም ነው። ነገር ግን በሊኑክስ ላይ የፋይል ስም ውስጥ ማንኛውም ነገር ሊገባ ይችላል፣ መስመር የሚሰብረው ቁልፍ ጭምር። የክፍል ስም ጠሪ ወረቀት ላይ አንድ ተማሪ ስሙ መካከሉ ላይ ተሰብሮ በሁለት መስመር ቢጻፍ ምን ይሆናል? አንድ ልጅ ሁለት ልጅ ይሆናል። 60 ተማሪ ያለው ክፍል 61 ይሆናል፣ ያኛው «ተማሪ» ዓመቱን ሙሉ ቀሪ ነው። ዝርዝሩን የሚያነበው ሰው ቢሆን ይገባዋል፣ ሌላ ፕሮግራም ከሆነ ግን ይሳሳታል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ስም በጥቅስ ማሰር ግድ ነበር።

ሁለተኛው የእኛንም አገር ይነካል። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ባይት ነው፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር። እስከ 127 ያለው ለእንግሊዝኛ ፊደል ተመድቦ ዓለም ሁሉ ተስማምቶበታል። ከዚያ በላይ ያለውን ግን ሩሲያው በራሱ፣ ጃፓኑ በራሱ፣ አውሮፓዊው በራሱ መንገድ ይጠቀምበት ነበር። እኛስ? ዕድሜያችሁ ከፍ ያለ ወዳጆቼ ታስታውሳላችሁ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እያልን በአንዱ የጻፍነው ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ገብቶም ሁሉም ሰው ወዲያው አልተጠቀመበትም።

ጊት የፋይሉ ስም በየትኛው አጻጻፍ እንደተጻፈ አያውቅም። ባይቱን ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሠሪዎቹ «ከ127 በላይ የሆነውን ባይት ሁሉ በቁጥር እንጻፈው፣ ቢያንስ በኢሜይል ሲሄድና ሲመለስ አይበላሽም» አሉ። ሃማኖ ራሱ ጃፓናዊ መሆኑን አትርሱ። በዚህ ውሳኔ የራሱ የእናት ቋንቋም ቁጥር ይሆናል።

ያቺን ቁጥር አሁን እናንብባት። ቁጥሮቹ የተጻፉት በስምንት ቤት ነው፣ በኦክታል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። \341\213\262 ማለት «ዲ» ነው። \341\210\235 ማለት «ም» ነው። \341\211\261 ማለት «ቱ» ነው። ሦስቱም በ341 እንደጀመሩ አያችሁ? የተለመዱት የአማርኛ ፊደሎቻችን ሁሉ በ341 ነው የሚጀምሩት። ልክ ስልካችን በ251 እንደሚጀምር ቁጠሩት። ስለዚህ ስማችን አልጠፋም፣ አልተበላሸምም። እዚያው አለ፣ ብቻ ቁጥር ለብሷል።

፭. እዚህ እኛ ጋ ሲሆን

ነገሩ ወላይታ ውስጥ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እንደምታውቁት ወላይትኛ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በጉሮሮ የሚቆረጠውን ድምፅ እንኳ የምንጽፈው በቁጥር 7 ነው። ስለዚህ አንዱ ልጅ ፋይሉን በወላይትኛ ቢሰይመው «ኤልኤስ-ትሪ» ያለ አንዳች ችግር እንዳለ ትጽፍለታለች፣ 7ቱን ጨምራ። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው በአማርኛ ቢሰይም ቁጥር ይወጣለታል። ከቋንቋው ጋር አይደለም ጉዳዩ፣ ከፊደሉ ጋር ነው። ጎረቤቶቻችን ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ለድምፃቸው የሚያስፈልጉ ተጨማሪ የግዕዝ ሆሄያት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡላቸው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፣ ጊት ከተሠራ ከአምስት ዓመት በኋላ።

ስምና ዝርዝር እኛ አካባቢ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ወጋጎዳን የማያስታውስ የአካባቢያችን ሰው የለም። ለማታውቁ፦ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን ቀላቅሎ፣ ስሙንም ከአራቱ መነሻ ፊደላት ገጣጥሞ መማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ነበር። በኅዳር 1992 ሶዶ ውስጥ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በቀጣዩ ዓመት ወላይታ ዞን ሆነች። ይሄንን ከኮምፒውተር ትዕዛዝ ጋር ላወዳድር አይደለም፣ የሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነው። የማነሣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው የሚጠቀምበትን ነገር እንደገና መቅረጽ ክፉ አይደለም። ክፉው ባለቤቱን ሳይጠይቁ መቅረጽ ነው። «ኤልኤስ-ትሪ» ሦስት ጊዜ ተሠርታ ማንም ያልተጎዳው ክርክሩ በአደባባይ ስለነበረና በማግሥቱ «ይሄ ተበላሽቷል» የሚል ሰው ራሱ ገብቶ ማስተካከል ስለሚችል ነው።

ደግሞም ተስተካክሏል። በ2007 እ.ኤ.አ. ሃማኖ ራሱ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ጨመረ። «ኮር.ኮትፓዝ» ይባላል። ካጠፋችሁት ጊት ከ127 በላይ ያለውን ባይት እንደ እንግዳ ማየት ያቆማል፣ ስማችሁን እንዳለ ይጽፋል። መስመር ሰባሪውንና የመሳሰለውን ግን አሁንም ያስራል፣ ያ ትክክል ነውና። ከዚያ በኋላም ትዕዛዟ አልቆመችም። በሚያዝያ 2014 (አፕሪል 2022) በወጣው ጊት 2.36 ላይ ተጠቃሚው የዝርዝሩን መልክ ራሱ እንዲወስን የሚያስችል አማራጭ ተጨመረ። መታወቂያውን ብቻ፣ ስሙን ብቻ፣ ወይም በመረጠው ቅደም ተከተል። ለዚህ 17 ዓመት ፈጀ። ሦስት ሰዎች «ተጠቃሚው የሚፈልገው ይሄን ነው፣ አይ ያንን ነው» ሲሉ ከርመው መጨረሻ ላይ «እሱ ራሱ ይናገር» ተባለ።

፮. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቃል የገባሁላችሁ መፍትሔ ይሄውና። ተርሚናላችሁ ላይ «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኮትፓዝ ፎልስ» ብላችሁ ጻፉ (እዚህ በፊደላችን አስቀመጥኩት እንጂ ስትጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው)። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ «ዲምቱ» ዲምቱ ሆና ትመጣለች። በፊደል ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ካያችሁ እሱ የጊት ጥፋት አይደለም፣ ተርሚናላችሁ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። ዝርዝሩን የሚያነበው ሰው ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ «ሰረዝ-ዜድ» የሚባለውን አማራጭ ተጠቀሙ። ስሞቹን የሚለያየው በመስመር ሳይሆን ፋይል ስም ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ በማይችል ባይት ስለሆነ ምንም ማሰር አያስፈልገውም።

ግን ትኩረቴ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አይደለም። ማብሪያው ከ2007 ጀምሮ አለ። ሳይነካ ሲቀር የሚሠራው ግን አሁንም የድሮው ነው፣ ቁጥሩ። ስለዚህ አንድ የ18 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ቀን ላይ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ማብሪያ መኖሩን የሚነግረው ሰው ከሌለ ምን ይደመድማል? «አማርኛ ኮምፒውተር ላይ አይሆንም» ይላል። ፋይሉን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሰይማል። ከዚያ ማስታወሻውን፣ ከዚያ ሐሳቡን። ማንም ሳይከለክለው፣ ማንም ሳይሰድበው። በፊደላችን ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው እንዲህ ነው የሚመጣው። በጠላት ሳይሆን ማንም ባልነካው ማብሪያ።

በሌላ በኩል ደግሞ ተስፋ አለው። ይህችን ትዕዛዝ የሠሩት መላእክት አይደሉም። አንዱ ቼካዊ፣ አንዱ ጃፓናዊ፣ አንዱ ፊንላንዳዊ ናቸው። የመጀመሪያው ሲጽፋት የጠየቀው ፈቃድ የለም፣ ጎደለች ብሎ ያሰበውን ሞላ። ኮዱ ዛሬም ክፍት ነው። ከመካከላችሁ አንዳችሁ ነገ ገብታችሁ «ዓለም ወደ አንድ አጻጻፍ መጥቷል፣ ሳይነካ ሲቀር የሚሠራው ይቀየር» ብላችሁ በምክንያት ልትከራከሩ ትችላላችሁ። ላትረቱ ትችላላችሁ፣ ግን ይሰማችኋል። ከረታችሁ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ የትግርኛ፣ የጃፓን፣ የሩሲያና የዓረብ ልጆችም ስማቸው በስማቸው ይጠራላቸዋል።

እኔ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ስም መጥራት ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከኋላ ሆናችሁ ለጓደኛችሁ «አቤት» ትሉ እንደነበር አውቃለሁ 😄። ስም መጥራት ጊዜ ይበላል የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ ግን ልጅ በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር አይቻለሁ። ዝርዝር የሚሠራ ሰው፣ ክፍል ውስጥም ይሁን ኮምፒውተር ላይ፣ ይሄን ቢያስብ ጥሩ ነው።

ትዕዛዙን የሞከራችሁ የመጀመሪያ ፋይላችሁን በራሳችሁ ስም ሰይሙና ምን እንደወጣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቁጥሩን ብቻ ብትጽፉም ችግር የለም፣ ቁጭ ብዬ ፈትቼ ማን እንደሆናችሁ እነግራችኋለሁ።

ደህና ሁኑልኝ። ከዲምቱ።